ካስትና ዘር፦ የሁለት አስተሳሰቦች የተሳሰረ ታሪክ

የህንድ የካስት ሥርዓት የሰውን ማዕረግ፣ ሥራና ጋብቻ በልደት ይወስናል። የዘር አስተሳሰብ ደግሞ ሰውን በመልኩና በቆዳው ቀለም ያበላልጣል። ሁለቱ የየራሳቸው መነሻ ቢኖራቸውም ከ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወዲህ አንዱ በሌላው ሲተረጎም ቆይቷል።

የትስስሩ መነሻ የቋንቋ ጥናት ነው። የሳንስክሪት ተመራማሪው ዊልያም ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1786 በህንዷ ካልካታ ባደረገው ንግግር ሳንስክሪት ከግሪክኛና ከላቲን ጋር እንደሚዛመድ ገለጠ። ኋላ የመጡ አውሮፓውያን ምሁራን የቋንቋውን ዝምድና የደም ዝምድና አደረጉት፤ የላይኞቹን ካስቶች ከውጭ የገቡ «አርያውያን»፣ የታችኞቹን ድል የተነሡ ነባር ሕዝቦች አሏቸው። የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሹም ኸርበርት ሪስሊ ይህንኑ በልኬት ሊያረጋግጥ ተነሣ። የሰዎችን አፍንጫ እያስለካ፣ የካስት ደረጃ ዝቅ ባለ ቁጥር አፍንጫ ይሰፋል ብሎ ደመደመ። በ1901 የሕዝብ ቆጠራ ኃላፊ ሳለም ካስቶች በክብር ቅደም ተከተል እንዲመዘገቡ አደረገ። በዚህም የተሳሳተ ሳይንስ የመንግሥት መዝገብ ውስጥ ገባ።

የተጨቆኑት ግን ንጽጽሩን ለነጻነታቸው ተጠቀሙበት። ህንዳዊው የካስት ተቃዋሚ ጆቲራኦ ፉሌ በ1873 ስለ ካስት ጭቆና የጻፈውን «ጉላምጊሪ» የተባለ መጽሐፍ፣ የጥቁሮችን ባርነት ለማስወገድ ለታገሉ አሜሪካውያን መታሰቢያ አደረገው። «የማይነኩ» ተብለው ከተገለሉት ወገኖች የተወለደው ቢምራኦ አምቤድካር በ1916 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጥናት፣ ካስትን ያጸናው እርስ በርስ ብቻ የመጋባት ደንብ መሆኑን አስረዳ። በ1948 ደግሞ የአፍንጫ ልኬቱን ራሱን ጠቅሶ በካስት ደረጃ የበላይ የሆኑት ብራህማኖችና የተገለሉት የአንድ ዘር ሰዎች መሆናቸውን ተከራከረ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1946 ለጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ዱ ቦይስ ጽፎ፣ ጥቁሮች ለተባበሩት መንግሥታት ያዘጋጁትን አቤቱታ ቅጂ ጠይቆ ነበር።

በአሜሪካም ምሁሩ ሎይድ ዋርነር በ1936 በደቡብ ግዛቶች ነጭና ጥቁርን የሚለየው አጥር የካስት አጥር ነው አለ። ሌላው ምሁር ኦሊቨር ኮክስ በ1948 ተቃወመው፤ በእርሱ እይታ የዘር ጭቆና የካፒታሊዝም የጉልበት ብዝበዛ ውጤት ነው።

ክርክሩ በ2001 ደርባን በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት ፀረ ዘረኝነት ጉባኤ እንደገና ተነሣ። «የማይነኩ» ተብለው የተገለሉት ዳሊቶች ጭቆናቸው በአጀንዳው እንዲካተት ሲጠይቁ፣ የህንድ መንግሥት ካስት ዘር አይደለም ሲል ተቃወመ። ሆኖም ሰውን በልደቱ ማዋረድ ስሙ ቢለያይም በደሉ አንድ ነው።