ሐዲዱን የዘረጉ እንግዶች፤ የምሥራቅ አፍሪካ እስያውያንና ልጆቻቸው

በዕድሜ ጠና ካልነው መምህራን መካከል፣ ሒሳብ ወይም ፊዚክስ ከሕንዳዊ መምህር ያልተማረ ብዙ አይገኝም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሲስፋፉ፣ ከሕንድ በኮንትራት የመጡ መምህራን በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች አስተምረዋል። አነጋገራቸውን እየቀዳን ስቀናል፤ ቀመሩን ግን ከእነርሱ ይዘናል። ውላቸው ሲያበቃ አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በመሆኑም «እነዚህ ሰዎች የማን ናቸው? ልጆቻቸውስ የየት አገር ሰዎች ይባላሉ?» የሚለው ጥያቄ በእኛ ዘንድ እምብዛም አልተነሣም። ከሞያሌ ወዲያ በምሥራቅ አፍሪካ ግን ይኸው ጥያቄ ሕግ አስወጥቷል፤ ሱቅ አዘግቷል፤ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብም አሰድዷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ምሥራቅ አፍሪካ እስያውያን ሲወሳ ዘወትር የምንሰማው «ይህን ያህል ዘመን ኖረው ከአገሬው ጋር አልተዋሐዱም» የሚል ነው። አባባሉ ጨርሶ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ታሪክ ነው። እንግዳ ከቤተ ሰቡ ጋር መዋሐዱ በራሱ ፈቃድ ብቻ አይወሰንም፤ የት እንደ ተቀመጠም ይወስነዋል። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ እንግዳውን ተቀብሎ መቀመጫውን ያሳየው ባለቤቱ አልነበረም፤ ቅኝ ገዥው ነበር።

አመጣጣቸውን እንመልከት። ከእንግሊዞች በፊትም የዓመቱን ነፋስ እየጠበቁ ከጉጃራትና ከካች ወደቦች የሚነሡ ጀልባዎች ወደ ሞምባሳና ወደ ዛንዚባር ይመላለሱ ነበር። በ19ኛው ምእት ዓመት የዛንዚባር ሡልጣን የጉምሩክ ገቢውን መሰብሰብ ለሕንዳውያን ነጋዴዎች በኮንትራት እስከ መስጠት ደርሶ ነበር። ቁጥራቸው የበዛው ግን ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ ነው። በ1896 ከሞምባሳ ተነሥቶ በ1901 መጨረሻ ቪክቶሪያ ሐይቅ የደረሰውን ሐዲድ ለመዘርጋት፣ እንግሊዞች 32,000 ያህል ሠራተኞች፣ በተለይም ከፑንጃብ፣ በውል አመጡ። ከእነዚህ ውስጥ 2,500 ያህሉ በበሽታና በአደጋ አለቁ፤ ከ6,500 የሚበልጡት በዚያው ቀሩ፤ የተረፉት ተመለሱ። ሐዲዱን ተከትሎ ደግሞ ባለ ሱቁ ገባ። ከካች የመጣው አሊዲና ቪስራም ሱቆቹን ከጠረፍ እስከ ዩጋንዳ ድረስ በየጣቢያው ከፈተ። ስለዚህ በኋላ ዘመን በየገጠሩ የታየው ሕንዳዊ ነጋዴ በአብዛኛው የሐዲድ ሠራተኛው ልጅ ሳይሆን፣ በራሱ ገንዘብ መርከብ ተሳፍሮ የመጣ ሰው መሆኑን ለተማሪዎቻችን ማስረዳት ይገባናል።

ቅኝ አገዛዙ ኅብረተሰቡን ያዋቀረው እንደ ሦስት ደርብ ቤት ነበር። በላይኛው አውሮፓዊው፣ በመካከል እስያዊው፣ በታች ባለ አገሩ አፍሪካዊ ይኖሩበታል። በኬንያ ለም የሆነው ደጋ ለነጮች ብቻ ስለ ተከለለ እስያዊው በዚያ መሬት መያዝ አይችልም ነበር። ሕንዳውያኑ ይህ ክልከላ እንዲነሣና ከአውሮፓውያን ጋር በአንድ መዝገብ እንዲመርጡ ቢጠይቁም፣ የእንግሊዝ መንግሥት በ1923 ባወጣው ነጭ ጽሑፍ ሁለቱንም ከለከላቸው። እርሻው ተዘግቷል፤ ከፍተኛው ሹመትም ተዘግቷል። የቀረው ሱቅ፣ የእጅ ሥራ፣ የጽሕፈት ቤት ጠረጴዛና የባቡር ጣቢያ ነው። በቆሎውን በርካሽ የሚሸጠውና ጨውን በውድ የሚገዛው ገበሬ አገረ ገዥውንም ሆነ የለንደንን ባንክ አይቶ አያውቅም። ዋጋውን የሚቆርጠው ሩቅ ነበር፤ ሚዛኑን የያዘው ግን ፊት ለፊቱ ነበር። ቂሙም የተያዘው በዚያው በሚያየው ሰው ላይ ሆነ።

ይህን ስንል እስያውያኑን ከጥፋት ነጻ ማድረጋችን አይደለም። በመጀመሪያ አንድ ሕዝብም አልነበሩም። ጉጃራቲው ሂንዱ፣ ፑንጃቢው ሲክ፣ እስማኤላዊው ሙስሊምና የጎዋው ካቶሊክ በቋንቋም በሃይማኖትም ይለያያሉ። «እስያውያን» የሚለው የወል ስምም የተለመደው ሕንድና ፓኪስታን በ1947 ከተከፈሉ ወዲህ ነው። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን መቅደስ፣ ክበብና ትምህርት ቤት ሠርቶ በውስጡ ተከተተ፤ ጋብቻውም ከዚያ አያልፍም ነበር። መንግሥትም ትምህርት ቤቱን በዘር ከፍሎት ስለ ነበር፣ ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ እስያዊ ልጅ በኬንያ ነጻነት ዋዜማ ድረስ ከአፍሪካዊ እኩያው ጋር በአንድ ወንበር ሳይቀመጥ ትምህርቱን ሊጨርስ ይችል ነበር። በቤት ጉጃራቲ፣ በክፍል እንግሊዝኛ ይናገራል። ስዋሂሊን የሚማረው ከሠራተኛዋ ከማድ ቤት ነው፤ እርሱም «ሌታ»፣ ማለትም አምጣ፣ «ቶካ»፣ ማለትም ውጣ የሚሉትን የመሰለ ነው። የሰዋስው መምህራን እንደሚረዱት፣ የአንድን ሕዝብ ቋንቋ በትእዛዝ አንቀጽ ብቻ ያወቀ ሰው ሕዝቡን ዐወቀ አይባልም።

ሆኖም ቋንቋዎቹ ከሰዎቹ ቀድመው ተዋሐዱ። ስዋሂሊ መኪናን «ጋሪ»፣ ኢንሹራንስን «ቢማ»፣ መቶ ሺሕን «ላኪ» ሲል ከሕንድ የተቀበላቸውን ቃላት ነው የሚናገረው። ቻፓቲም ዛሬ በኬንያ የበዓል ምግብ እንጂ የባዕድ ምግብ አይደለም።

ከደርቡ ወርደው ከባለ አገሩ ጋር የቆሙም ነበሩ። በ1913 ፑንጃብ ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ ናይሮቢ የገባው ማክሃን ሲንግ፣ በ1935 ሕንዳውያንንም አፍሪካውያንንም የሚያቅፍ የሠራተኞች ማኅበር አቋቋመ። በ1950 በአደባባይ ስብሰባ የምሥራቅ አፍሪካን ሙሉ ነጻነት በመጠየቁ ተይዞ እስከ 1961 ድረስ ታግቶ ኖረ። ከጎዋ ቤተ ሰብ ናይሮቢ የተወለደው ፒዮ ጋማ ፒንቶም በትግሉ ምክንያት ከ1954 እስከ 1959 ታግቷል፤ ከነጻነት በኋላ የፓርላማ አባል ሆኖ በየካቲት 1965 በጥይት ተገደለ። እነዚህ ሰዎች ስማቸውንም ሆነ የትውልዳቸውን ቋንቋ አልለወጡም። አፍሪካዊ ያደረጋቸው የባለ አገሩን ዕዳ አብረው መክፈላቸው ነው።

በታኅሣሥ 1963 ኬንያ ነጻ ስትወጣ፣ 176,000 ያህል ለሚሆኑት እስያውያኗ ትልቅ ውሳኔ ቀረበ። በትውልድ በቀጥታ ዜግነት የማያገኙት፣ እንዲመዘገቡ የሁለት ዓመት ጊዜ ተሰጣቸው። ብዙዎች አመነቱ፤ የእንግሊዝን ፓስፖርት እንደ መጠባበቂያ ያዙ። መንግሥት በ1967 የሥራና የንግድ ፈቃድ ሕግ ሲያወጣ ፓስፖርታቸውን አንሥተው ወደ ለንደን መጉረፍ ጀመሩ። የእንግሊዝ ፓርላማ ግን በመጋቢት 1968 በጥቂት ቀናት ውስጥ ባጸደቀው ሕግ፣ ፓስፖርቱን የሰጠው ራሱ ሆኖ ሳለ፣ አባቱ ወይም አያቱ የእንግሊዝ ተወላጅ ላልሆነ ሰው በሩን አጠበበ። መጠባበቂያው የወረቀት ቁራጭ ሆነ።

«ዜግነት ቢይዙ ኖሮ» የሚል ይኖራል። መልሱን ዩጋንዳ ሰጥታናለች። የእስማኤላውያኑ መሪ አጋ ካን ተከታዮቻቸው የአዲሶቹን አገሮች ዜግነት እንዲይዙ መክረው፣ ብዙዎቹም ይዘው ነበር። በነሐሴ 1972 ኢዲ አሚን እስያውያን በ90 ቀናት ውስጥ አገሪቱን ለቀው እንዲወጡ ሲያዝ፣ የዜግነት ወረቀታቸው እየተመረመረ የብዙዎቹ ውድቅ ተደረገ። ያመነታውም የወሰነውም በአንድ አውሮፕላን ተሳፈሩ። ወደ 28,000 የሚሆኑት እንግሊዝ ገቡ። የሌስተር ከተማ ምክር ቤት በዩጋንዳ ጋዜጣ ላይ «ወደ እኛ አትምጡ» የሚል ማስታወቂያ እስከ ማሳተም ደርሶ ነበር፤ እነርሱ ግን መጡ፤ ሌስተርም የታወቀች መኖሪያቸው ሆነች።

ምን ሆነው እንደ ነበር የታየው እዚያ ነው። በአፍሪካ ሳሉ «ሕንድ» የተባሉት ሰዎች፣ በእንግሊዝ ከሕንድ በቀጥታ ከመጡት ጋር ሲገናኙ ልዩነታቸው ወጣ። ጉጃራቲያቸው በስዋሂሊ ቃላት ተሰባጥሯል፤ ካሳቫውን በስዋሂሊ ስሙ «ሞጎ» ብለው ጠብሰው በየምግብ ቤቱ ያቀርባሉ። ለካ ሳይታወቃቸው ተዋሕደው ኖረዋል። ከዚህ ስደት ቤተ ሰቦች የተወለዱት ልጆች ደግሞ ሌላ አገር የእኔ ነው አሉ። በጥቅምት 2022 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሪሺ ሱናክ፣ አባታቸው ኬንያ፣ እናታቸው ታንጋኒካ የተወለዱ ናቸው።

በአፍሪካም ነገሩ በዚያ አልቆመም። ዩጋንዳ ከተወረሰው ንብረት ብዙውን በ1990ዎቹ ለባለቤቶቹ መለሰች። ኬንያም በሐምሌ 2017 እስያውያኗን የአገሪቱ 44ኛ ማኅበረ ሰብ አድርጋ በዐዋጅ ተቀበለች። የሐዲዱ ሥራ ከተጀመረ 121 ዓመት ሆኖት ነበር።

እኛ መምህራን ከዚህ ታሪክ ምን እንይዛለን? በክፍላችን አንድ ልምምድ ብንሞክር መልካም ነው። ተማሪዎቹን «በ1963 ናይሮቢ የምትኖሩ የሃያ ዓመት እስያውያን ናችሁ፤ ሁለት ዓመት ተሰጥቷችኋል፤ ምን ትወስናላችሁ?» ብለን እንጠይቃቸው። ከዚያ የ1968ን፣ ቀጥሎም የ1972ን ዜና እናሰማቸው። ለፍርድ የቸኮለው ተማሪ ቆም ብሎ ሲያስብ እናያለን።

ጥያቄው ከእኛም የራቀ አይደለም። ዛሬ የወገኖቻችን ልጆች በዋሽንግተንና በሌሎችም የውጭ ከተሞች ተወልደው እያደጉ ነው፤ ወላጆቻቸውም ቋንቋው ይጠፋል ብለው ይሠጋሉ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ወይም ከጎረቤት አገር የመጣ ልጅም በየክፍላችን አለ። እርሱን «ለምን ከእኛ ጋር አልተዋሐድህም?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ የት እንዳስቀመጥነው እንመልከት።