ያለ ወረቀት የከበረው ሰው

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 መገባደጃ ለንደን ውስጥ የተከፈተው ችሎት ጉድ ያሰኘው በገንዘቡ ብዛት ብቻ አልነበረም። ከሳሹ ቦሪስ ቤሬዞቭስኪ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይገባኛል ባይ ነው። ተከሳሹ በጊዜው የቼልሲ እግር ኳስ ክለብ ባለቤት የነበረው ሮማን አብራሞቪች ነው። ከሳሹ የነዳጅ ኩባንያ ድርሻ ነበረኝ እያለ፣ ድርሻውን የሚያሳይ ፊርማ ያረፈበት ውል ግን ማቅረብ አልቻለም። ውላችን የቃል ነበር አለ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የእኛን ብሂል ሞስኮ ላይ የነገረው ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ይህ ሰው ፊደል ያልቆጠረ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ባልገረመን። በ1946 ሞስኮ ውስጥ ከአይሁዳዊ መሐንዲስ የተወለደው ቤሬዞቭስኪ የሂሳብ ሊቅ ነበር። በሶቪየት ኅብረት የቁጥጥር ሳይንስ ተቋም ውስጥ ከ1969 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ተመራምሯል፤ በ1983 የዶክትሬት ማዕርጉን አግኝቷል። ያጠናው የውሳኔ አሰጣጥ ንድፈ ሐሳብን ነው፤ አማራጭ ሲበዛ የቱ እንደሚሻል በቀመር መፈለግ ማለት ነው።

ምሁሩን ወደ ገበያ ያወጣችው ላዳ ናት። አዎ፣ አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ የሆነችው ያቺው ላዳ። በ1989 ከአምራቹ ፋብሪካ ከአቭቶቫዝ ኃላፊዎች ጋር ሆኖ ሎጎቫዝ የተባለ ድርጅት አቋቋመ። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ መኪናውን በዱቤ ይወስዳል፣ ወዲያው ይሸጣል፣ ዕዳውን ከወራት በኋላ ይከፍላል። በ1992 ብቻ የሩሲያ የሸቀጦች ዋጋ ሃያ ስድስት እጥፍ ያህል አሻቅቧል። በዚህ ዓይነት ንረት ውስጥ ዘግይቶ የሚከፈል ሩብል ዕዳ ሳይሆን ስጦታ ነው። ፋብሪካው በዕዳ ሲዘፈቅ ሻጩ ከበረ። ለዚህ እንኳ ዶክትሬት አያስፈልግም፤ መደመርና መቀነስ ይበቃል።

ንግዱ ግን ደም የሚያፈስ ነበር። በጁን 1994 ቤሬዞቭስኪ በመርሴዲሱ ከቢሮው ሲወጣ መንገድ ዳር የተጠመደ ፈንጂ ፈንድቶ ሹፌሩን ገደለው፤ እርሱ ቆስሎ ተረፈ። ፍርድ ቤት ዕዳ በማያስከፍልበት፣ ፖሊስ ነጋዴውን በማይጠብቅበት አገር ሰው ሌላ መጠጊያ ይሻል። ሩሲያውያን «ክሪሻ» ይሉታል። ቀጥተኛ ፍቺው ጣራ ነው፤ እኛ ጥላ ከለላ እንደምንለው መሆኑ ነው። የአንዱ ክሪሻ ወሮበላ፣ የሌላው የፖሊስ ሹም ነበር። ቤሬዞቭስኪ ግን ከክሬምሊን ጣራ ሥር ገባ። የፕሬዚዳንት የልትሲንን የማስታወሻ መጽሐፍ በማሳተም ወደ ቤተሰባቸው ተጠጋ፤ ብዙም ሳይቆይ የአገሪቱ ዋና የቴሌቪዥን ጣቢያ በእጁ ገባ።

በ1995 መንግሥት ካዝናው ቢራቆትበት ከባንኮች ብር ተበደረ፤ መያዣው ትልልቆቹ የመንግሥት ኩባንያዎች ነበሩ። ብድሩ እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል። ጨረታውን የሚያዘጋጀውና የሚያሸንፈውም ብዙ ጊዜ አንድ ወገን ነበር። ሲብኔፍት የተባለው የነዳጅ ኩባንያ 51 በመቶ ድርሻው የወጣው በ100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ጋዝፕሮም የኩባንያውን ሦስት አራተኛ ያህል ድርሻ ከአብራሞቪች ሲገዛ 13 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል።

እዚህ ላይ ነው የወረቀቱ ነገር የሚገባን። ወጣቱ አብራሞቪች የነዳጅ ንግዱን ያውቃል፤ ቤሬዞቭስኪ ያመጣው ተሰሚነቱን ነው። ይህ ምን ተብሎ ይጻፋል? «እኔ ፕሬዚዳንቱን አሳምኜ አዋጅ አስወጣለሁ፣ አንተ ትርፉን ታካፍለኛለህ» ተብሎ ውል አይፈረምም። የሂሳብ ሊቁ ያልጻፈው ረስቶት አይመስለኝም፤ ሊጻፍ የሚችል ነገር ስላልነበረ ነው።

በ1996 ምርጫ ቱጃሮቹ ተባብረው፣ በዓመቱ መጀመሪያ ድጋፋቸው እጅግ አሽቆልቁሎ የነበረውን የልትሲንን አሸናፊ አደረጉ። ቤሬዞቭስኪም የጸጥታው ምክር ቤት ምክትል ጸሐፊ ሆኖ ተሾመ። ኋላም ፑቲንን ወደ ሥልጣን ካመጡት አንዱ እርሱ ነበር። ነገር ግን በኦገስት 2000 ኩርስክ የተባለው ሰርጓጅ መርከብ ከ118 ሰዎች ጋር ሲሰጥም ጣቢያው ፑቲንን ክፉኛ ነቀፈ። ዓመቱ ሳያልቅ ቤሬዞቭስኪ ስደተኛ ሆነ፤ በ2003 ብሪታንያ ጥገኝነት ሰጠችው።

አብራሞቪች በችሎቱ ፊት ለሰውዬው ብዙ ገንዘብ መክፈሉን አልካደም፤ በ2001 ብቻ 1.3 ቢሊዮን ዶላር። ያ ግን የባለድርሻ ትርፍ ሳይሆን የክሪሻ ዋጋ ነው አለ። የሁለቱን ጉዳይ ከማንም በላይ ያውቅ የነበረው ጆርጂያዊው ሽርክ ባድሪ ፓታርካትሲሽቪሊ በ2008 ሞቷል። ስለዚህ የቀረው የሁለቱ ቃል ነበር። ዳኛዋ ኤልዛቤት ግሎስተር ኦገስት 31 ቀን 2012 በሰጡት ፍርድ የቤሬዞቭስኪን ቃል የሚታመን አይደለም ብለው ክሱን ውድቅ አደረጉ።

የጠበቆቹ ወጪ ተከመረበት። በማርች 2013 ከሥዕሎቹ አንዱ፣ የአንዲ ዋርሆል «ቀዩ ሌኒን»፣ ለጨረታ ቀርቦ ከ130 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጠ። በዚያው ወር በ23ኛው ቀን ለንደን አጠገብ አስኮት በሚገኘው ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። 67 ዓመቱ ነበር። አሟሟቱን የመረመሩት ሹም በ2014 ራሱን ስለማጥፋቱም ሆነ ስለመገደሉ በቂ ማስረጃ አልቀረበም ብለው መዝገቡን ያለ ቁርጥ ብያኔ ዘጉት።