ብረት እጁ ኢቫን

እስቲ ጠጋ በሉና ስለ አንድ የተረት ሠዓሊ ልተርክላችሁ። ኢቫን ያኮቭሌቪች ቢሊቢን ይባላል። ባባ ያጋ የምትባለውን የሩሲያ ተረት ጠንቋይ በሥዕል አይታችኋት ከሆነ፣ የእሱን እጅ ሥራ ወይም የእሱን ፈለግ የተከተለ ሠዓሊ ሥራ ሳታዩ አልቀራችሁም። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

ቢሊቢን በ1876 በሴንት ፒተርስበርግ አቅራቢያ ተወለደ። አባቱ የባሕር ኃይል ሐኪም ነበር። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግ አጠና፤ እስከ መጨረሻውም ተማረው። ልቡ ግን ሥዕል ላይ ነበር። በ1898 ሙኒክ ሄዶ ለጥቂት ወራት ከሠዓሊው ከአንቶን አዥቤ ተማረ፤ ሲመለስም በታላቁ ሠዓሊ በኢልያ ሬፒን ሥር ተቀመጠ። በዚያው ሰሞን የቪክቶር ቫስኔትሶቭን ሥዕል አየ፤ በሜዳ ላይ ድንበር የሚጠብቁ ሦስት የጥንት ጀግኖችን። ያ ሥዕል እንቅልፍ ነሳው። የተማረው የከተማ ሰው የጥንቱን ዓለም ከወዴት ያገኘዋል?

በ1899 ክረምት፣ ማለትም በእነሱ በጋ፣ ቢሊቢን ዕቃውን ሸክፎ በትቬር አውራጃ ወደምትገኝ ዬግኒ ወደምትባል መንደር ወረደ። እዚያ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ቤቱ ከግንድ የተሠራ፣ የመስኮቱ ዙሪያ በቅርጽ ያጌጠ ነው። ሴቶቹ በቀሚሳቸው ጠርዝ ላይ የሚጠልፉትን ጥለት ከእናት ከአያታቸው ተቀብለውታል። ወጣቱ ሠዓሊ ይህን ሁሉ እያየ የተረቱን ሥዕሎች መሣል ጀመረ።

አንዷን ሥዕል ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። ባባ ያጋ በሙቀጫ ውስጥ ተቀምጣ በጫካው መሀል ትበራለች። ዘነዘናዋን ወደ ላይ አንሥታለች፤ በሌላው እጇ ዱካዋን የምታጠፋበትን መጥረጊያ ይዛለች። ፀጉሯ በነፋስ ተበትኗል። ሙቀጫው ግን የእውነት ሙቀጫ ነው፤ ዛፎቹም የዚያ አገር ዛፎች ናቸው። የምትበር አሮጊት በዓለም የለችም፤ በዙሪያዋ ያለው ዕቃና ዱር ሁሉ ግን አለ። ልጁም የሚያምናት ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ እጁን እንይ። መጀመሪያ በእርሳስ ይነድፋል። ንድፉን በስስ ወረቀት ገልብጦ ወደ ወፍራሙ የሥዕል ወረቀት ያሻግረዋል። ከዚያ ጫፏ የተቆረጠች ቀጭን ብሩሽ ቀለም ውስጥ አጥቅሶ መስመሩን ያወጣዋል፤ ቀጥ ያለ፣ እኩል፣ የማይንቀጠቀጥ መስመር። የውሃ ቀለሙ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ በመስመሮቹ መሀል ጥላ ሳይኖረው ተዘርግቶ ይተኛል። በአብያተ ክርስቲያናታችን ግድግዳ ላይ ቅዱሳኑን በጥቁር መስመር ተከበው፣ በደማቅ ቀለም ተሞልተው ላየ አንባቢ ይህ አሣሣል ባዳ አይሆንበትም። ባልንጀሮቹ ይህን የእጁን ጽናት አይተው «ብረት እጁ ኢቫን» አሉት።

እንዲህ ያለውን ረቂቅ መስመር ሳያበላሽ የሚያትም ማን ነው? ሥራውን የወሰደው የመንግሥቱን የወረቀት ገንዘብ የሚያትመው መሥሪያ ቤት ነበር። ከ1901 እስከ 1903 ስድስት ቀጫጭን የተረት መጻሕፍት አወጣለት፤ እሳታማዋ ወፍና ግራጫው ተኩላ፣ እንቁራሪቷ ልዕልት፣ ውቢቱ ቫሲሊሳ ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ገንዘብ የሚታተምበት ጥንቃቄ ለልጆች ተረት ዋለ።

መጻሕፍቱ እየወጡም ቢሊቢን መንገዱን አላቋረጠም። ከ1902 እስከ 1904 ለሩሲያ ሙዚየም ተልኮ በሰሜን ዞረ፤ ቮሎግዳ፣ አርኻንግልስክ፣ ኦሎኔትስ። የጥልፍ ልብስ ሰበሰበ፣ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናትን ፎቶ አነሣ፣ ያየውንም ጻፈ። ቀጥሎ የአሌክሳንደር ፑሽኪንን ተረቶች ያዘ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ አደባባይ የተሰየመለትን ፑሽኪንን። በ1905 በወጣው የንጉሥ ሳልታን ተረት ንግሥቲቱና ልጇ በበርሜል ታሽገው ባሕር ላይ ተጥለዋል። ከላይ ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቷል፤ ከታች ማዕበሉ ጥፍር እንዳወጣ እጅ ተነሥቷል። ያ ማዕበል ከጃፓናዊው ሠዓሊ ከሆኩሳይ የተማረው ነው። የሩሲያን ገበሬ ጥልፍ ያጠና ዓይን የጃፓንንም ኅትመት ያነብ ነበር።

በዚያው ዘመን አገሪቱ በአብዮት ተናወጠች። ቢሊቢን አንድ አህያ ሣለና በንጉሠ ነገሥቱ ዘውዳዊ ጌጥ ከብቦ በአንድ የሥላቅ መጽሔት አወጣው። መጽሔቱ ተዘጋ፤ ሠዓሊውም ለአጭር ጊዜ ታሰረ። በ1917 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርድ ደግሞ ለጊዜያዊው መንግሥት ዘውድ የሌለው ባለ ሁለት ራስ ንስር የነደፈው እሱ ነው። ያ ንስር ከ1992 ጀምሮ ለዓመታት በሩሲያ ሳንቲሞች ላይ ታትሟል።

ከዚያ ስደት መጣ። በ1920 በመርከብ ግብፅ ደረሰ፤ በመጀመሪያ በስደተኞች ሰፈር ቆይቶ በኋላ ካይሮ ገባ። በዚያ ሥዕል ለሚያዙት ግሪኮች እየሠራ የባይዛንታይንንና የኮፕቶችን ጥበብ አጠና። የሸክላ ሠዓሊዋን አሌክሳንድራ ሽቼካቲኺና ፖቶትስካያን ያገባውም እዚያው ነው። በ1925 ወደ ፓሪስ ተሻገሩ። ሥራ ነበረው፣ ስምም ነበረው፤ የአገሩ ነገር ግን አልለቀቀውም። በ1936 ያኔ ሌኒንግራድ ወደተባለችው ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመልሶ በሥነ ጥበብ አካዳሚው ማስተማር ጀመረ።

አምስት ዓመት ሳይሞላ ጦርነት ሆነ። በመስከረም 1941 የጀርመን ጦር ከተማዋን ከበባት። ውጣ ሲሉት ከተከበበ ምሽግ አይሸሽም ብሎ እምቢ አለ። በዚያ የብርድ ወራት በአካዳሚው ምድር ቤት እየኖረ፣ ዱክ ስቴፓኖቪች ለተባለው ጥንታዊ የጀግና ታሪክ ሥዕል ሲያሰናዳ ነበር። የካቲት 7 ቀን 1942 ረሀብ ገደለው። በአካዳሚው መምህራን የጋራ መቃብር ተቀበረ።

እኔ ከዚህ ሰው ሕይወት አንድ ነገር ይዣለሁ። ለልጅ ነው ብሎ ያቀለለው መስመር የለም። ለሙዚየም ጥናት ያደረገውን ያህል ድካም ለአሥራ ሁለት ገጽ ተረት አደረገ። ዛሬም ለልጆች መጽሐፍ የምትሥሉ ወገኖቼ፣ ቤቱን ሳታዩ ቤት አትሣሉ፤ የአያታችሁን ቀሚስ ጥለት ቆጥራችሁ ያዙ፤ ሙቀጫውን አገላብጣችሁ እዩት። ልጅ ተረት ሲሰማ የማይሆነውን ነገር ሁሉ ሊያምናችሁ ዝግጁ ነው፤ እናንተ ደግሞ በሚሆነው ነገር ላይ አታታልሉት።