እንግሊዝኛ ለመናገር የሚረዳንና የሚያግደን ነገር

በቡራዩ ከምንማረው ብዙዎቻችን እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምረን 9ኛ ክፍል ስንገባ ሒሳቡም፥ ታሪኩም፥ ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይሆንብናል። መጽሐፉን አንብበን እንረዳለን፤ መምህር ሲጠይቀን ግን አንገታችንን እንደፋለን። ምክንያቱን ለማወቅ የአገራችንን የትምህርት ታሪክ ወደ ኋላ መመልከት ይገባናል።

በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ገንኖ የነበረው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበረ። ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. በተመረቀው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ተሰጡ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ድል ከሆነ በኋላ ግን እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ያዘ። በኰተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፥ በኋላም የጄኔራል ዊንጌት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተቋቋሙ። በእነዚህ ተማሪው ከውጭ አገር መምህራን ጋር ይውል ስለ ነበረ፥ ፈቃድ ለመጠየቅ እንኳ በእንግሊዝኛ መናገር ግድ ሆነበት። በ1955 ዓ.ም. መግቢያም ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሩ።

ይህ ዕድል የደረሳቸው ግን ጥቂቶች ነበሩ። ትምህርት ሲስፋፋ ክፍሉ ሞላ። 60 ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል 40ው ደቂቃ ቢከፋፈል ለአንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየክፍሉ የተተከለው ፕላዝማ መልካም እንግሊዝኛ ይናገር ነበር፤ ተማሪው ቢጠይቀው ግን አይሰማም ነበር።

አንዳንዶች በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማራችን አንደበታችንን አሰረው ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በቋንቋቸው እንዲማሩ ማድረጉ ትምህርቱን እንድናስተውል ረድቶናል። የቀደሙት ተማሪዎችም ቤታቸው በእንግሊዝኛ አላደጉም፤ የተናገሩት የሚመልስላቸው ሰው ስለ ነበረ ነው። እኛን የሚያግደን የመናገሪያ ጊዜ ማጣትና ከሁሉ ይልቅ የጓደኛ ሣቅ ነው።

በገፈርሳ ግድብ ዳር ቆሞ ውኃውን ያየ ሁሉ ዋናተኛ አይሆንም። እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ በዕረፍት ሰዓት ሁለት ሁለት እየሆንን በእንግሊዝኛ እንነጋገር፤ በተሳሳተውም አንሣቅ። መምህራን ሆይ፥ ስንሳሳት ጨርሰን እስክንናገር ታገሡን። ወላጆችም፥ የክፍል ውጤታችንን ብቻ ሳይሆን ዛሬ በክፍል ምን እንደ ተናገርን ጠይቁን።