ቤግል

ቤግል ከመጋገሩ በፊት በፈላ ውኃ የሚቀቀል፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ክብ የስንዴ ዳቦ ነው። መነሻው የፖላንድ አይሁዳውያን ማኅበረሰብ ሲሆን፣ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1610 በወጣ የክራኮው አይሁዳውያን ደንብ ውስጥ ይገኛል። በኋላም ከስደተኞች ጋር ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻገረ።

ቤት ውስጥ ለሚሠራ ስምንት ቤግል 500 ግራም ፕሮቲኑ ከፍ ያለ የስንዴ ዱቄት፣ 290 ግራም ያህል ውኃ፣ 10 ግራም ጨው፣ 5 ግራም ደረቅ እርሾና አንድ ማንኪያ የብቅል ሽሮፕ ይበቃል። ሊጡ ጠጣር ስለሆነ ለ10 ደቂቃ ሲታሽ ክንድ ያደክማል፤ ውኃ ጨምሮ ማለስለስ ግን ሥራውን ያበላሸዋል። ተድቦልቡሎ መሃሉ በጣት ይበሳል። ቀዳዳው ኋላ ስለሚጠብ ሰፋ ቢደረግ ይሻላል። ከዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል፤ እርሾው በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ሲሠራ ጣዕሙ ይዳብራል።

ቤግልን ቤግል የሚያደርገው መቀቀሉ ነው። በእያንዳንዱ ጎን ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ሲቀቀል የላዩ ስታርች ውኃ ጠጥቶ እንደ ሙጫ ይያያዛል። ይህ ሽፋን ሊጡ ምድጃ ውስጥ ብዙ እንዳያብጥ ስለሚይዘው ውስጡ ጥቅጥቅ ብሎ ይቀራል፣ ቅርፊቱም ያብረቀርቃል። በእንፋሎት ብቻ የሚያልፉት የፋብሪካ ቤግሎች ለስላሳ የሚሆኑት፣ እውነቱን ለመናገር ቀዳዳ ያለው ተራ ዳቦ የሚመስሉት፣ ለዚህ ነው።

እርጥብ ሳለ ሰሊጥ ተነስንሶበት በ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ20 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። በሞንትሪያል ልማድ የመቀቀያው ውኃ ማር ይገባበታል፤ ምድጃውም የእንጨት ነው።