«መቦርቦር» ወይስ «እንፋሎት መቋጠር»፦ የአንድ የመርከብ ቃል ታሪክ

የአራዳ እምብርት የሚጠራበት «ፒያሳ» በጣሊያንኛ «አደባባይ» ማለት ነው፤ በአዲስ አበባ ግን የሠፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። «አራዳ»ም ከቦታ ስምነት አልፎ ነቃ ያለ የከተማ ሰው መግለጫ ሆኗል። ይኸውም የቃል ምንጭ ብቻውን ትርጉምን እንደማይወስን ያሳያል። ለሙያ ቃላትም ይኸው ይሠራልና ከፈጣን መርከቦች ታሪክ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ።

እ.ኤ.አ. በ1894 ቻርልስ ፓርሰንስ በእንግሊዝ አገር ያሠራት «ተርቢኒያ» በመጀመሪያ ሙከራዋ የታሰበላትን ፍጥነት አላገኘችም። ፕሮፔለሩ እጅግ ሲፈጥን በክንፎቹ ጀርባ ግፊት ወርዶ ውኃው ሳይሞቅ እንፋሎት ይሆን ነበር። ፓርሰንስ ኃይሉን ለ3 ዘንጎችና ለ9 ፕሮፔለሮች ቢያከፋፍል በ1897 መርከቢቱ በሰዓት ከ34 የባሕር ማይል በላይ ተጓዘች። ክስተቱን «ካቪቴሽን» ያለው ሮበርት ኤድመንድ ፍሩድ ሲሆን፣ ሥሩ «ጎድጓዳ» የሚል የላቲን ቃል ነው።

ሥሩን ተከትሎ «መቦርቦር» ብሎ መተርጐም ግን ያሳስታል። የሚቦረቦረው ብረቱ ነው፤ ያውም አረፋዎቹ በድንገት ሲከስሙ በሚፈጥሩት ምት። መንስኤው በውጤቱ ስም ከተጠራ፣ መሐንዲሱ የክንፉን ቅርጽና ስፋት ማስተካከል ሲገባው ብረት ወደ መለወጥ ይመራል። ስለሆነም ክስተቱን «እንፋሎት መቋጠር»፣ ጉዳቱን «መቦርቦር» ብለን እንድንለይ ሐሳብ እናቀርባለን።