ወባ፦ መተላለፊያው እና የመከላከያ ዘዴዎቹ

ወባ ፕላስሞዲየም በተባለ ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣና በሴቷ አኖፊለስ ትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በኢትዮጵያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ አካባቢዎች ይበልጥ የተጋለጡ ሲሆን፣ በባኮና በነቀምቴ መካከል እንደምትገኘው አኖ ያሉ የወለጋ ከተሞችም ስጋቱን ይጋራሉ። ስርጭቱ ክረምቱን ተከትሎ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበው 1,157 ሰዎች ሞተዋል። ከፍተኛው የሕሙማን ቁጥር የኦሮሚያ ክልል ነበር።

በሽታውን ለመከላከል የሚከተሉት ተግባራት ያስፈልጋሉ፦

- በኬሚካል የተነከረ አጎበር ዘወትር ሌሊት መጠቀም፤
- የትንኟ እንቁላል በራሪ ለመሆን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚወስድበት፣ ውኃ ያቆሩ ጉድጓዶችን በየሳምንቱ ማፋሰስ ወይም መድፈን፤
- ኬሚካል የተረጨበትን ግድግዳ መልሶ አለመለቅለቅ፤
- ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ሲሰማ በ24 ሰዓት ውስጥ በጤና ተቋም መመርመር፤
- ትኩሳቱ ቢበርድም የታዘዘውን መድኃኒት መጨረስ።

በመሆኑም የወረዳና የቀበሌ አስተዳደሮች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር በመቀናጀት፣ ለመንገድና ለግንባታ ሥራ የተቆፈሩ ጉድጓዶች እንዲደፈኑ፣ አጎበርና መድኃኒትም ከመስከረም በፊት እንዲደርስ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ወረርሽኙ ከተነሣ በኋላ የሚደረግ ዘመቻ የጠፋውን ሕይወት አይመልስም።